የምንተወው ምኑን ነው? ቤተ እምነት ስለመቀየር

"ቤተ እምነቱን የሚቀይር ሰው ሥር የለውም" ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። በሌላ በኩል ደግሞ "ካልተመቸህ ውጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል" የሚሉ አሉ። ሁለቱም በልቡ ጥያቄ ይዞ እሑድ እሑድ ከወንበሩ የማይጠፋውን ክርስቲያን አይረዱትም። አንደኛው ያስፈራራዋል፣ ሌላኛው ያጣድፈዋል።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ቤተ እምነትን መጠየቅ ክህደት አይደለም። መቀየርም አንዳንዴ የግድ ይሆናል። ግን ከመውጣት በፊት የምንተወው ምኑን እንደሆነ ለይተን ማወቅ አለብን። ሰዎቹን ነው? ያንን አንድ ጉባኤ ነው? ወይስ ትምህርቱን? ይህ ካልተለየ፣ በሰው የተከፋ ሰው ትምህርት ይቀይራል። ትምህርቱን መቀበል ያቃተው ደግሞ አጥቢያ ብቻ ለውጦ እዚያው ጥያቄ ውስጥ ይቆያል።

የመጠየቅን ተገቢነት ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የቤርያን ሰዎች "ልበ ሰፊዎች" ይላቸዋል። ጳውሎስ የነገራቸውን ሁሉ "ነገሩ እንደዚሁ ይሆንን?" ብለው በመጻሕፍት ይመረምሩ ነበር። ሐዋርያ የተናገረው ከተመረመረ፣ ዛሬ ካህን ወይም መጋቢ ሲጠየቅ የሚቆጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ብዙ ሰው ግን ጥያቄ የሚጀምረው መጽሐፍ ከፍቶ አይደለም። ተጎድቶ ነው። አገልጋዩ ገንዘብ አጎደለ። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ሳለ ብቅ ያለ ሰው አልነበረም። ጉባኤው በአስተዳደር ጠብ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተቀበለው ትምህርት ራሱ ይጎረብጠው ጀመር። ይህ ስሜት ውሸት ነው አልልም። ሰው ሲጎዳ በፊት ያላየውን ያያል። ቢሆንም "ክፉ አደረጉብኝ" እና "የሚያስተምሩት እውነት አይደለም" የተለያዩ አረፍተ ነገሮች ናቸው። አንዱ ሌላውን አያረጋግጥም።

የሰሜን አፍሪካ ክርስቲያኖች በዚህ ጉዳይ ከ1,700 ዓመት በፊት ተከራክረዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ303 የሮም ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ማሳደድ ጀመረ። ቅዱሳት መጻሕፍት እየተሰበሰቡ ይቃጠሉ ነበር። ፈርተው መጻሕፍቱን አሳልፈው የሰጡ አገልጋዮች ነበሩ። ስደቱ ካለፈ በኋላ ከባዱ ጥያቄ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው የሾመው ጳጳስ በእርግጥ ጳጳስ ነው? እሱ ያጠመቀውስ ተጠምቋል ማለት ይቻላል? ዶናቲስቶች የተባሉት "አይቻልም" ብለው ተለዩ። ንጹሕ ቤተ ክርስቲያን እኛ ነን አሉ።

ከመቶ ዓመት በኋላ የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ መልስ ሰጣቸው። ጥምቀቱ የክርስቶስ ነው፣ የአጥማቂው አይደለም አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለውን የስንዴና የእንክርዳድ ምሳሌም አነሳ። ሁለቱ እስከ መከር አብረው ያድጋሉ። በ411 በካርታጎ በተደረገው ትልቅ ጉባኤ ፍርዱ በዶናቲስቶች ላይ ሆነ። አውግስጢኖስ በኋላ መንግሥት በኃይል እንዲመልሳቸው መደገፉን እኔ አልቀበለውም። ክርክሩ ግን ዛሬም ይሠራል። የአንድ አገልጋይ ኃጢአት የሚያስተምረውን ትምህርት ሐሰት አያደርገውም። ንጹሕ አገልጋይም ትምህርቱን እውነት አያደርገውም። በሰው የተከፋ ክርስቲያን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምናልባት ያው ቤተ እምነት ውስጥ ያለ ሌላ አጥቢያ ነው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት የማልችለው ነገር አለ። ይህንኑ የስንዴና የእንክርዳድ ምሳሌ የተጎጂን አፍ ለመዝጋት የሚጠቀሙበት አሉ። ያናድደኛል። ጾታዊ ጥቃት ያለበት፣ ሰው የሚደበደብበት ወይም በማስፈራራት ገንዘብ የሚወሰድበት ቦታ ከሆነ፣ ስለ ትምህርት የሚደረገው ምርምር በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ሰውዬው ወይም ልጅቷ ከዚያ ይውጡ። ጉዳዩም ለሕግ ይነገር። ምሳሌው ወንጀልን ሸፍኑ አይልም። ተጎጂውን "ታገሥ፣ የትም ቦታ ሰው ሰው ነው" የሚል ሁሉ ራሱን ይጠይቅ።

ጥያቄው የትምህርት ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው። ቁጭ ብሎ ማንበብ ይጠይቃል። በ1529 የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎቹ ሉተርና ዝዊንግሊ በጀርመን ማርቡርግ ተገናኝተው በ15 ነጥቦች ላይ ተወያዩ። በ14ቱ ተስማሙ። በአሥራ አምስተኛው ውስጥ ያለች አንዲት ጉዳይ ለየቻቸው። "ይህ ሥጋዬ ነው" ሲባል ምን ማለት ነው? ሉተር ክርስቶስ በኅብስቱና በወይኑ በእርግጥ በሥጋው አለ አለ። ዝዊንግሊ "ነው" የሚለው "ያመለክታል" ማለት ነው አለ። የሚያስተምረኝ ግትርነታቸው አይደለም። የማይስማሙበትን ቦታ በጣት ማሳየት መቻላቸው ነው። ዛሬ ብዙ ሰው "እዚያ ቤት ልቤ አላረፈም" ይላል። በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልስ የለውም። ቅዱስ ቁርባን ነው? የሕፃናት ጥምቀት ነው? የቅዱሳን ምልጃ? የድነት ትምህርት? የጳጳስ ሥልጣን? ነጥቡን በአንድ አረፍተ ነገር መጻፍ ካልተቻለ፣ ገና አልተደረሰበትም።

ነጥቡ ከተገኘ በኋላ ትምህርቱን ከባለቤቶቹ መስማት ያስፈልጋል። ሉተራውያን በ1530 በአውግስበርግ ያቀረቡትን የእምነት መግለጫ እስከ ዛሬ ይዘውታል። ካቶሊኮች ትምህርታቸውን በዝርዝር የያዘ ካቴኪዝም አላቸው። ኦርቶዶክሶች ሃይማኖታቸውን ከቅዳሴያቸውና ከአባቶች ጽሑፎች ያሳያሉ። ሌሎቹም አብዛኞቹ የእምነት መግለጫ አላቸው። ስለ ኦርቶዶክስ ከፕሮቴስታንት ሰባኪ ብቻ፣ ወይም ስለ ፕሮቴስታንት ከኦርቶዶክስ ሰባኪ ብቻ ሰምቶ መወሰን በጎረቤት ወሬ ትዳር እንደመፍታት ነው።

ያደግንበትን ቤትም በዚሁ መንገድ እንመርምረው። አንዳንዱ የምንጣላበት ነገር ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ እንደዚያ አድርጋ የማታስተምረው ሊሆን ይችላል። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተነሣው ክርክር አብያተ ክርስቲያናትን ለአሥራ አምስት ምዕተ ዓመታት ለያይቷል። በ1973 ግን በዚያ ክርክር ከተለያዩት ወገኖች የሮማው ፖፕ ጳውሎስ ስድስተኛና የግብፅ ኮፕት ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ሺኖዳ ሦስተኛ ስለ ክርስቶስ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። በ1999 ካቶሊኮችና የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ስለ መጽደቅ፣ ማለትም ሰው በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ጻድቅ እንደሚሆን፣ በጋራ ተፈራርመዋል። ልዩነቱ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። ግን አያቶቻችን የተጣሉበትን ነገር ዛሬ እንዴት እንደሚሉት ሳይጠይቁ መውጣት ተገቢ አይደለም። ጥያቄውንም ለደከመው አስተማሪ ሳይሆን ለበሰለው አቅርቡት። ከመካከላቸው ምርጡ ሰው መልስ ካጣ፣ ያኔ ነገሩ ይታወቃል።

ጊዜ መውሰድ የሚያሳፍር አይደለም። የእንግሊዙ ጆን ሄንሪ ኒውማን ከአንግሊካን (ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) ወደ ካቶሊክ የገባው በ1845 ነው። በ1843 የደብሩን ኃላፊነት ለቆ ነበር። ከዚያ በፊትም ዓመታት በጥናትና በጸሎት አሳልፏል። ያሮስላቭ ፔሊካን የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሊቅ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሉተራዊ ሆኖ ኖሮ፣ በ1998 ኦርቶዶክስ ሲሆን 74 ዓመቱ ነበር። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያንም አዲስ ገቢን ከጥምቀት በፊት እስከ ሦስት ዓመት የምታስተምርበት ጊዜ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ አባል ሁኑ ብሎ የሚያጣድፍ ጉባኤ ቢያጋጥማችሁ ለምን እንደቸኮለ ጠይቁ።

አዲስ ቤት ስትፈልጉ ትልቅ ኮንፈረንስ ባለበት ቀን ሳይሆን በተራው ሳምንት ሂዱ። ደጋግማችሁ ሂዱ። መዝሙሩ ያስለቅስ ይሆናል፣ ደስ ይላል። እኔ ግን በይበልጥ የማየው ሌላ ነው። ገንዘቡን የሚቆጥረው ማነው? ኦዲት ይደረጋል? መሪው ቢያጠፋ የሚጠይቀው አካል አለ? በጳጳስ፣ በሽማግሌዎች ወይም በምእመናን ድምፅ የሚተዳደር ቤት ሁሉ የየራሱ ደካማ ጎን አለው። ማንም የማይጠይቀው ሰው ያለበት ቤት ግን ያስፈራኛል። አረጋውያኑና ሕመምተኞቹ የት ነው ያሉት? ጥሎ ስለሄደ ሰው ሲያወሩስ እንዴት ያወራሉ? የቀድሞ ቤተ እምነታችሁን ከመድረክ እያብጠለጠሉ የሚያስጨበጭቡ ከሆነ፣ ነገ እናንተ ስትወጡ ምን እንደሚባል አሁኑኑ ሰምታችኋል።

እንግዳ ስትሆኑ የቤቱን ሥርዓት አክብሩ። ካቶሊክና ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በአጠቃላይ ከኅብረታቸው ውጭ ላለ ሰው አያቆርቡም። ይህ ንቀት አይደለም። አብሮ መቁረብ ለእነሱ በእምነት አንድ መሆንን የሚገልጽ ነው። ብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የተጠመቀን ሁሉ ወደ ማዕድ ይጋብዛሉ።

ጥምቀት ላይ ግን ረጋ ብሎ ማሰብ ይገባል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በውኃና በሥላሴ ስም በትክክል የተጠመቀን ሰው እንደገና አታጠምቅም። ባፕቲስቶችና አብዛኞቹ ጴንጤቆስጤዎች በሕፃንነቱ የተጠመቀ ሰው በራሱ እምነት እንዲጠመቅ ይጠይቃሉ። ለእነሱ ይህ ሁለተኛ ጥምቀት አይደለም፣ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወላጆቹ በደስታና በጸሎት ያስጠመቁትን ቀን "ያ ጥምቀት አልነበረም" ማለቱ ነው። እንዲህ ብሎ በእውነት ካመነ ያድርገው። ነገር ግን የአባልነት ቅጽ ለመሙላት ብቻ የሚደረግ ከሆነ ለወላጆቹም ለጥምቀቱም ክብር የለውም። ይህን ለእናቱ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ካልቻለ ውኃው ውስጥ ለመግባት አይቸኩል።

እንከን የሌለበትን ቤት የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሮጀር ዊሊያምስን ታሪክ ይወቅ። የአንግሊካን ካህን ነበር። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መለየት አለብን ከሚሉት ወገን ሆነ። በ1638 ገደማ በሰሜን አሜሪካ በፕሮቪደንስ የባፕቲስት ጉባኤ መሠረተ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያንንም ተወ። ክርስቶስ አዳዲስ ሐዋርያት እስኪልክ ድረስ እውነተኛ ቤተ ክርስቲያን በምድር የለችም ብሎ አመነ። በ1683 ገደማ እስኪሞት ድረስ የየትኛውም ጉባኤ አባል አልሆነም። ለሃይማኖት ነፃነት የሠራውን ሥራ በጣም አከብራለሁ። ብቻውን መቅረቱ ግን ያሳዝነኛል። "አንዳችሁ የሌላውን ሸክም ተሸከሙ" የሚለው ቃል ብቻውን በሚኖር ክርስቲያን ላይ እንዴት ይፈጸማል? በስልክ ላይ ስብከት መስማትም ይህን አይተካም።

መውጣቱ ከተወሰነ በግልጽ ይሁን። በየሳምንቱ ትንሽ በትንሽ መጥፋት ቀላል ይመስላል፣ ግን የሚወዱን ሰዎች ምን እንዳጠፉ ሳያውቁ ይቀራሉ። ባለትዳር ከሆነ ደግሞ የትዳር ጓደኛው የመጨረሻ ሰሚ መሆን የለበትም፣ የለባትም። ልጆች ካሉ የት ነው የሚያድጉት የሚለው አብሮ ይታሰብ። ኒውማን ሲወጣ ከቅርብ ወዳጆቹ ከኪብልና ከፒዩዚ ጋር ተራርቆ ነበር። ሦስቱ እንደገና በአንድ ቤት የተገናኙት በ1865 ነው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ። ኪብል በዓመቱ ሞተ። ሃያ ዓመት እንዲያ መጥፋት አልነበረበትም።

ይህ ለቤተ ክርስቲያን መሪዎችም የሚቀርብ ጥያቄ ነው። አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት አባላቸው ወደ ሌላ ሲሄድ መሸኛ ደብዳቤ ይጽፋሉ። "ይህ ሰው ከእኛ ጋር ነበር፣ በሰላም ሄዷል፣ ተቀበሉት" ይላሉ። የትምህርት ልዩነታቸው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የማይፈቅድላቸው ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እነሱም ቢሆኑ ስልክ መደወል ይችላሉ። የሄደው ሰው ሲታመም መጠየቅ፣ ሲያዝን መድረስ ይችላሉ። ልጁ ሲዳር ቢጠራቸው ደግሞ ይሂዱ።