ግልጽ ደብዳቤ ለክብርት የፓርቲ ሳጥን

ክብርት ሆይ፣

ጤናዎን እንዴት ነዎት? እኔ ካለፈው ማክሰኞ በስተቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። ከአራት ሳምንት በፊት፣ እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ፣ የፕራይመሪ (ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ፎርም ላይ ራይት ያደረግሁብዎ ሰውዬ ነኝ። ዴሞክራት፣ ሪፐብሊካን እና ከፓርቲ ነፃ ከሚሉት ሦስት እህትማማቾች አንዷ ነዎት። የትኛዋ እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም። የፈለገ ሰው ከመዝገብ ማየት ይችላል፤ ማንን እንደመረጥኩ ምስጢር ሲሆን የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደወሰድኩ ግን ምስጢር አይደለም። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ስልኬ በቅስቀሳ ቴክስት የተጥለቀለቀው በእርስዎ ቸርነት ነው።

ወደ ማክሰኞው ልግባ። ራንኦፍ ነበር፤ በፕራይመሪው ማንም ከግማሽ በላይ ድምፅ ያላገኘበት ውድድር የሚደገምበት ቀን። ከኤርፖርት የሌሊት ሺፍት ወጥቼ፣ ሳልተኛ፣ እማማን ይዤ ሄድኩ። እማማ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዜግነት ከወሰዱ ገና ጥቂት ወራቸው ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ ድምፅ ክቡርነት ሰበክኋቸው። "መታወቂያዎን ይያዙ፣ አይፍሩ፣ እኔ አለሁ" አልኳቸው። አዎ፣ "እኔ አለሁ" ብያለሁ።

ሰልፉ አጭር ነበር። አጭር ሰልፍ ጥሩ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል፤ በአጭር ሰልፍ የሚባለውን ሁሉም ይሰማል። እማማ ቀደሙ። መንጃ ፈቃዳቸውን ሰጡ፣ "የትኛውን ፓርቲ?" ተባሉ፣ ነገሩ፣ ፈረሙ፣ ካርድ ተቀበሉ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። የእኔ ተራ ደረሰ። እኔም ያንኑ የእማማን ፓርቲ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ ታብሌቷን አየች። እኔን አየች። እንደገና ታብሌቷን አየች። ከዚያ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ላለችው አለቃዋ ጮክ ብላ "ይሄኛው ባለፈው የሌላውን ፓርቲ ነው የወሰደው!" አለች።

አዳራሹ ዞረ። ከኋላዬ ቤተክርስቲያን የማውቀው ሰው ቆሞ ነበር። "እንዴ! አንተ የእነሱ ነህ እንዴ?" አለኝ፣ በአማርኛ፣ በሙሉ ድምፁ። ፈገግ እያለ ነው የጠየቀኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስንት ሰው እንደሚሰማው አሰብኩት።

አለቃዋ መጣችና ህጉን በትህትና አስረዳችኝ። በፕራይመሪ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት የወሰደ በራንኦፉ ወደ ሌላው መሻገር አይችልም። በፕራይመሪ ጭራሽ ያልመረጠ ግን ዛሬ መጥቶ ያሻውን ይወስዳል። በእኔ በኩል ደግሞ ዘንድሮ የሚደገም ውድድር የለም። ስለዚህ የሚሰጠኝ ካርድ የለም። ልብ ይበሉ፣ ክብርት ሆይ፤ የተቀጣሁት ሁለቱንም ጊዜ በመምጣቴ ነው።

እማማ ደረታቸው ላይ "መርጫለሁ" የሚለውን፣ የኮክ ፍሬ ያለበትን ስቲከር ለጥፈው ሲወጡ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። "ምን አጠፋህ ልጄ?" አሉኝ። ላስረዳቸው ሞከርኩ። አዳምጠው፣ አዳምጠው "አይዞህ፣ እኔ ላንተም መርጬልሃለሁ" አሉኝ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይፍቀዱልኝ። በዚህ ግዛት የመራጮች ምዝገባ ፓርቲ አይጠይቅም። በህግ እኔ ፓርቲ የለኝም። ታዲያ እኔን፣ ፓርቲ የሌለኝን ሰው፣ አራት ሳምንት ሙሉ አስረው ሲይዙ እነዚያን ፓርቲ ያላቸውን ማን ይይዛቸዋል?

የቀድሞ ጎረቤታችንን ቨርነን ጆንስን ያስታውሷቸዋል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) በ1993 በዴሞክራትነት ወደ ግዛቱ ምክር ቤት ገቡ። ከ2001 እስከ 2009 ዲካልብን በሥራ አስፈጻሚነት መሩ። ለሴኔት ሞከሩ፣ አልሆነም። ለኮንግረስ ሞከሩ፣ አልሆነም። ለሸሪፍነት ሳይቀር ሞከሩ። በ2017 ወደ ምክር ቤቱ ተመለሱ፣ አሁንም በዴሞክራትነት። ኤፕሪል 2020 ላይ ትራምፕን እደግፋለሁ አሉ። ብዙም ሳይቆዩ መቀመጫዬን እለቃለሁ አሉ። በማግስቱ አልለቅም አሉ። በዚያው ክረምት በሪፐብሊካን ጉባኤ ንግግር አደረጉ፣ በመከር ሜከን ከተማ በትራምፕ ሰልፍ ላይ በሕዝብ እጅ ከራስ በላይ ተንሳፈፉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዴሞክራት ነበሩ! በይፋ የተሻገሩት ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ነው፣ ዋሽንግተን በትራምፕ መድረክ ላይ፤ የምክር ቤት ዘመናቸው ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት። ከዚያ ለገዥነት ተነሱ፣ በ2022 ትተውት ወደ ኮንግረስ ዞሩ፣ ጁን ላይ በማይክ ኮሊንስ ተሸነፉ። በምን መሰለዎት? በራንኦፍ።

ሰውዬው ሐሳባቸውን ቢቀይሩ አልቀየምም። ሶኒ ፐርዱም በ1998 የግዛት ሴናተር እያሉ ተሻግረው በኋላ ገዥ ሆነዋል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ እዚህ ግን ይወጣል፣ መሰላል የሚይዝም አይጠፋም። በአንዱ ፓርቲ ስም የተመረጠ ተወካይ ፓርቲ ሲቀይር መቀመጫውን እንዲለቅ የሚያስገድድ ህግ የለም። "ይሄኛው ባለፈው የሌላው ነበር!" ብሎ የሚጮህበት ታብሌትም የለም።

እኔ ላይ ግን ጮኸሻል።

አዎ፣ "ሻል"። እርስዎ መባልሽ ይብቃ። ዜግነት ለመውሰድ አሻራ ሰጥቻለሁ፣ መቶ ጥያቄ ሸምድጃለሁ፣ ኤን-400 በሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ላይ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበርክ ወይ ተብዬ መልሻለሁ። እኛ ያደግነው "የማን ነህ?" የሚለው ጥያቄ ሰው ከቤቱ በሚያስወስድበት አገር ነው። አባቴ ስለ ፓርቲ የሚያወራው በሩ ተዘግቶ፣ ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር። እዚህ የመጣሁት ሰው ፊት "የእነእንትና ነው" እንዳልባል ነው። አንቺ ግን ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በመብራት፣ በደንብ ልብስ፣ አልሽኝ። ማንም አልገደለኝም፣ እውነት ነው። ግን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ለማዞር ጊዜ ወሰደብኝ።

ሌላም ነበረኝ፤ ለመምረጥ ደጅ ለተሰለፈ ሰው ውሃ ማደልን ስለከለከለው የ2021 የግዛቱ ህግ። ይቅር፣ እሱ ያንቺ ጥፋት አይደለም።

ኖቬምበር ላይ አትኖሪም፤ በጠቅላላው ምርጫ ፓርቲህን ምረጥ የሚል የለም። እማማ እንድወስዳቸው ከአሁኑ ቀጥረውኛል። ትናንት ማታ ደውለው ነበር። "ያንን ነገርህን አስተካከልከው ወይ?" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።