ውዳሴ እሺ

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ያሉ አባቶች አርቀው አይተዋል። ሺህ ብር ዛሬ ከመርካቶ እስከ ቱሉ ዲምቱ አንድ ቁም ሣጥን አያስጭንም። እሺ ግን እስካሁን ዋጋው አልወረደም፤ ወጪም የለውም።

ከተማው ጠርዝ ላይ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር ሰዎች በእሺ አያያዝ መሀል ከተማውን አስከንድተናል። ደግሞም ተፈትነንበታል። በ1997 ዓ.ም. ለቤት ተመዝግቦ፣ ዕጣው እስኪወጣለት ከአሥር ዓመት በላይ እሺ እያለ የቆየ ሰው በመካከላችን አለ።

የውጭ ሰው እሺን የስምምነት ቃል ያደርገዋል። የዋህ ነው። የቧንቧ ሠራተኛችን ስልክ አንሥቶ «እሺ» ሲል ድምፃችሁ ተሰምቶታል፣ በቃ። «እሺ እሺ» ካለ ሌላ ሰው ቤት እየሠራ ነው። «እሺ ጋሼ፣ ደረስኩ» ካለ ገና ከአልጋው አልወረደም። ከቃሊቲ በሚያመጣን ታክሲ ውስጥም «ወራጅ አለ!» ስትሉ ረዳቱ በትሕትና «እሺ» ይላል፤ ታክሲው ግን ፌርማታውን አልፎ ይሄዳል። እሺ የተባለው ለእናንተ ነው፤ ለሾፌሩ ማን ነገረው?

ከሁሉ የሚረቀው ድምፅ የሌለው እሺ ነው። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ፣ ቅንድብን ከፍ። እንግዳ ሰው ቢያይ የደነገጥን ይመስለዋል። ለዚህ እሺ ምስክር አይቆምበትም፤ ነገ «መቼ ወጣኝ?» ቢሉ ያምራል፤ እውነትም አልወጣም፣ ገባ እንጂ።

የዚህን ጥበብ ሙሉ ክብር ያየሁት ግን በሕንፃችን ስብሰባ ላይ ነው። ውኃው ከሁለተኛ ፎቅ በላይ መውጣት እምቢ ስላለ (እምቢ የሚል ነገር በሰፈራችን እሱ ብቻ ነው) ለመሳቢያ ሞተር በየቤቱ እናዋጣ ተባለ። ሁሉም እሺ አለ። ከሁሉ አስበልጦ እሺ ያለው ቧንቧው ደርቆ የማያውቀው የምድር ቤቱ ጎረቤታችን ነበር። ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ጻፈ።

ገንዘብ ያዧ ደብተራቸውን ይዘው በየበሩ ዞሩ። አንድም ሰው አላሳፈራቸውም። «እሺ፣ ባለቤቴ ይምጣ።» «እሺ፣ ደመወዝ ይውጣ።» «እሺ እማማ፣ ሌሎቹ ከፈሉ?» እማማ በእያንዳንዱ ደጃፍ ተመርቀው፣ በሁለት ቤት ቡና ጠጥተው፣ ባዶ ደብተራቸውን ይዘው ወደ አራተኛ ፎቅ ወጡ። የቤታቸውን ውኃ በጀሪካን ያስመጡ ስለነበር እግረ መንገዳቸውን ለተሸካሚው ከፈሉ።

ይህን ሰላም ያደፈረሰው አንድ አዲስ ተከራይ ነው። በሩን ከፍቶ፣ ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ «ይቅርታ እማማ፣ በዚህ ወር አልችልም፤ በሚቀጥለው ወር በአምስተኛው ቀን እከፍላለሁ» አላቸው። አልችልም! ለእናት! ወሬው ሳይመሽ ከፎቅ ፎቅ ተዳረሰ። አንዱ አስተዳደጉን ጠየቀ፤ ሌላው «አፉ ላይ እሺ የሌለው ሰው ምን ጎረቤት ይሆናል?» አለ። ሰውዬው በቀጠሮው ቀን ገንዘቡን ማምጣቱ ደግሞ ነገሩን አባባሰው፤ ደብተሩ ላይ ብቻውን ተጽፎ ሁላችንንም አሳጣን።

ባለቤቴ ታዲያ «ምስኪን፣ እሑድ ቡና እንጥራው» አለችኝ።

እሺ አልኳት።