ዲስክ የሚጽፈው አሮጌ ኮምፒውተር ከቤት ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በብዙ ቤቶች ግን ዲቪዲ መጻፊያ ያለው፣ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት የማያሟላ ኮምፒውተር ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍና የትምህርት ማስረጃ የሚቀመጠውም በእሱ ነው። ይህን ኮምፒውተር ማቆየትና ፋይሎችን በዲስክ መጻፍ መቀጠል ይገባል ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረዋል። ደጋፊው በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ የቆዩ ሲሆኑ፣ ተቃዋሚዋ የኔትወርክ ደኅንነት ባለሙያ ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

አንድ ጊዜ ተጽፎ የተዘጋን ዲቪዲ የትኛውም ቫይረስ ሊለውጠው አይችልም፤ ክርክሬ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። በ2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ሲዛመት፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰዓት ተሰክቶ ያገኘውን ሃርድ ዲስክና ፍላሽም አብሮ ይቆልፍ ነበር። ስለዚህ መጠባበቂያ ቅጂውን ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር ሰክቶ የሚያኖር ሰው፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ዋናውንም ቅጂውንም በአንድነት ያጣል። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ዲስክ ይህ አይደርስበትም፤ ወደ ኮምፒውተሩ ቢገባ እንኳ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም።

በእኛ አገር ደግሞ ለዲስክ የሚያደላ ሌላ ምክንያት አለ። ፍላሽን ፎቶ ቤት ወይም ማተሚያ ቤት ወስደን ስንመልሰው ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ተደርድሮ የምናገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ የተደበቁ እንጂ የጠፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ይጠፋሉ። የልጅ የመጀመሪያ ልደት ቪዲዮ በዚህ ዓይነት መንገድ ሲጠፋ ማየት እጅግ ያሳዝናል፤ ማስቀረት የሚቻል ጥፋት ነውና።

ዲስክ ቶሎ ይበላሻል የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የአጻጻፍና የአያያዝ ጉድለት ያመጣው ነው። በተለምዶ በርን ማድረግ የምንለውን ሥራ የሚሠራ ሰው፣ እየተደመሰሰ በሚጻፍበት አርደብሊው ፋንታ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበትን ዲቪዲ አር ይምረጥ፤ ባዶ ዲስክ ሲገባ ዊንዶውስ እንደ ፍላሽ ልጠቀምበት ወይስ ለሲዲና ለዲቪዲ ማጫወቻ ላዘጋጀው ብሎ ሲጠይቅ ሁለተኛውን ይምረጥ፤ የመጻፊያውን ፍጥነት ከከፍተኛው ዝቅ ያድርግ፤ ሲጨርስም የተጻፈውን ከዋናው ጋር ያመሳክር። ሰዎች ጭረትን የሚፈሩት በሚያብረቀርቀው በኩል ነው። ሆኖም በሲዲ ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቀው ስስ ብረት ስም በምንጽፍበት ገጽ ሥር፣ ከቀጭን ልባጥ በታች ስለሚገኝ፣ በእስክሪብቶ ተጭኖ መጻፍ የባሰ ይጎዳዋል። በዲቪዲ ላይ ያው ንብርብር እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር በሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች መካከል ስለተቀመጠ ይሻላል፤ ከፀሐይና ከሙቀት ግን ሁለቱንም መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ በክራክ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ፣ የተጫነ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ቀድሞ ኔሮ የተባለው ዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም ያልተጫነበት ኮምፒውተር ማግኘት ያስቸግር ነበር፤ ዊንዶውስ ግን ፋይሎችን ራሱ በዲስክ ይጽፋል፣ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮም የአንድ ዲስክ ሙሉ ይዘት በአንድነት የተያዘበትን የአይኤስኦ ፋይልንም ያለ ሌላ እገዛ ይጽፋል። ተጨማሪ ምርጫና አስተማማኝ ማመሳከሪያ ለሚፈልግ ኢምግበርን የተባለው ዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል።

ተቃዋሚ

ጋሼ፣ ስለ ዲስክ አያያዝ የጻፉትን እቀበላለሁ፤ በተለይ ስለ ሲዲው ጀርባ ያሉት ብዙ ሰው የማያውቀው ጠቃሚ ነገር ነው። ነገር ግን ዲስኩን የሚጽፈው ኮምፒውተር ራሱ ጤነኛ መሆኑን አስቀድመው ወስደዋል፤ እኔ የምቃወመው ይህንን ነው። ቫይረስ ያለበት ፋይል በዲስክ ከተጻፈ፣ ፎቶግራፉን ከለውጥ የሚጠብቀው ያው ባሕርይ ቫይረሱንም ይጠብቀዋል፤ አንቲቫይረስ ሊያጠፋው አይችልም፣ ዲስኩ በገባበት ኮምፒውተር ሁሉ እንደገና ይቀርባል። ማይክሮሶፍት በ2011 ባወጣው ማሻሻያ ፍላሽ ሲሰካ በውስጡ ያለ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሣ ሲከለክል፣ ሲዲንና ዲቪዲን ከክልከላው ውጭ ትቷቸው ነበር። ከዚያም በፊት በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ በሸጣቸው የሙዚቃ ሲዲዎች ውስጥ፣ ቅጂን ለመከልከል ሲባል በዊንዶውስ ውስጥ ራሱን የሚደብቅ ሶፍትዌር መገኘቱ የታወቀ ነው። ዲስክ ስለሆነ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ኢምግበርንንም በተመለከተ አንባቢዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። የመጨረሻው ስሪት 2.5.8.0 የወጣው በ2013 ነው፤ መጫኛውም ኦፕን ካንዲ የተባለ የማስታወቂያ ሶፍትዌር ማቅረቢያ ይዞ ይሰራጭ ነበር። ፕሮግራሙ ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ አደጋው ያለው እሱን ፍለጋ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው። ሰው የፕሮግራሙን ስም ጽፎ ሲፈልግ ትልልቅ የዳውንሎድ ቁልፎች ያሉባቸው ገጾች ይመጡለታል፤ ከቁልፎቹ አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች ናቸው፣ የሚወርደው ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የብሮውዘሩ ጉዳይ ነው። ክሮም በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው እስከ ስሪት 109 ብቻ ነው፤ በ2023 ከወጣው ስሪት 110 ጀምሮ ክሮም ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ፋየርፎክስም ለዊንዶውስ 7 ተጠቃሚዎች ያቆየው 115ን ነው። ዊንዶውስ 10 ያለው ሰው ብሮውዘሩ ዛሬ ቢታደስለትም፣ ከሥር ያለው ስርዓት ካልተጠገነ የብሮውዘሩ መታደስ ብቻውን አይበቃውም። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን አንቲቫይረስ የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ በዊንዶውስ 10 ላይ እስከ 2028 እንደሚያድስ አስታውቋል፤ ብዙዎች ይህን ሰምተው ተረጋግተዋል። ሆኖም የቫይረስ መለያ ማደስ አንድ ነገር ነው፣ ቫይረሱ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን ሌላ ነው፤ ያበቃው ሁለተኛው ነው።

ዛሬ ሌቦች ከቤት ኮምፒውተር የሚፈልጉት በአብዛኛው በብሮውዘር ውስጥ የተቀመጠውን የይለፍ ቃልና አንድ ጊዜ ገብተን ክፍት የተውነውን አካውንት ነው። በክራክ ፋይል ታዝሎ የገባ ሌባ ሶፍትዌር ይህን ገልብጦ ከላከ በኋላ፣ በስልክ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር እንኳ ሁልጊዜ አያስጥልም፤ ሌባው የሚገባው አስቀድሞ በተከፈተው በር ነውና። መሳቢያ ሙሉ ዲስክ ይህን አያስቀርም።

ስለ መጠኑም አንድ ነገር ልበል። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ብቻ ቢገለበጥ 14 ዲቪዲ ይፈልጋል፤ 500 ጊጋባይት ያለው ሰው ከመቶ በላይ ዲስክ ሊጽፍ ነው። ይህን የሚጨርስ ቤተሰብ የለም፤ ያልተጨረሰ መጠባበቂያ ደግሞ ባለቤቱን ያዘናጋዋል። እያፈራረቁ የሚሰኩ፣ ሥራው ሲያልቅ የሚነቀሉ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ይበቃሉ።

ደጋፊ

እህቴ፣ ቫይረሱም ከዲስኩ ላይ አይጠፋም ያሉት ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ዲስክን መተው ሳይሆን የሚጻፈውን መምረጥ ነው። በቤተሰብ ማኅደር ውስጥ የሚገባው ፎቶ፣ ቪዲዮና የተቃኘ ሰነድ ነው። የፕሮግራም መጫኛ፣ ክራክና ከየትም የመጣ የተጨመቀ ፋይል በዲስኩ ላይ ቦታ የላቸውም። የፋይሎችን ሙሉ ስም ዊንዶውስ እንዲያሳይ ማድረግና በመጨረሻ ኢኤክስኢ የሚል ያለበትን ሁሉ ማስወጣት የማንም ሰው አቅም ነው።

የዲስኩን ቁጥር እንደ ሸክም ቆጥረውታል፤ እኔ ከዚህ ላይ እለያለሁ። በስልካችን ካለው አንድ ዓይነት ፎቶ እየተደጋገመ የተነሣው፣ ከሰው የተላከልን ቀልድ፣ የደበዘዘውና የተንቀጠቀጠው ሲወጣ የአንድ ዓመት የቤተሰብ ታሪክ በጥቂት ዲስኮች ይገባል። መርጦ ማስቀመጥ ሥራ ነው፤ ያልተመረጠ 500 ጊጋባይት ግን ከዓመታት በኋላ ማንም የማይመለከተው ክምር ይሆናል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሲወድቅ የያዘውን ሁሉ ይዞ ሊሞት ይችላል። ከዲቪዲዎቹ አንዱ ቢሰበር የሚጠፋው የአንዱ ይዘት ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የመጠባበቂያ ደንብ ሆኖ የሚጠቀሰው ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይሁን፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይቀመጥ የሚለው ነው። ሁለት ሃርድ ዲስኮች በአንድ ቤት ውስጥ፣ ዓይነታቸውም አንድ ሆኖ፣ ይህን ደንብ አያሟሉም። ብዙዎቻችን በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ዘመድ አለን፤ የሠርግ ዲስክ በመንገደኛ መላክም የለመድነው ነው። በሞባይል ዳታ ብዙ ጊጋባይት ወደ ኢንተርኔት መጫን ለማይችል ቤተሰብ፣ ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ቅጂ በዚህ መንገድ ሊሟላ ይችላል።

ስለ ብሮውዘሩ ያሉትን አልክድም። የእኔ ሐሳብ ሥራውን መክፈል ነው፤ ኢንተርኔቱ በስልክ ወይም ማሻሻያ በሚያገኝ ኮምፒውተር ላይ ይሁን፣ አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ ከኔትወርክ ተለይቶ ማኅደር ይሁን። ኢንተርኔት ካስፈለገውም በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ ሚንት የተባለው ነፃ ስርዓት ይጫንበት፤ በሊነክስ ላይ ዲስክ ለመጻፍ ኬ3ቢና ብራሴሮ የተባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፣ ብሮውዘሩም ከስርዓቱ ጋር አብሮ ይታደሳል።

ተቃዋሚ

ሊነክስ ሚንት የሚለውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ያለ ጥገና ከቀረው ዊንዶውስ እስከተላቀቀ ድረስ መሣሪያው ከቤት ይውጣ የምልበት ምክንያት የለኝም። ልዩነታችን የሚቀረው ከኔትወርክ ይለይ በሚሉት ዊንዶውስ ላይ ነው። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ባለበት ቤት ውስጥ ይህ ውሳኔ ብዙ አይቆይም። ልጁ የትምህርት ቤት ሥራ ይኖረዋል፣ ከስልኩ ዋይፋይ ይከፍትለታል፤ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታደሰ የማይታወቅ ብሮውዘር በዚያ ቀን ይከፈታል። ያን ጊዜ አንድ ገጽ ማሳወቂያ ልላክልህ ብሎ ይጠይቃል፣ ልጁ ፍቀድ የሚለውን ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተርዎ ቫይረስ አለበት የሚል የሐሰት ማስፈራሪያ በስክሪኑ ጥግ እየመጣ አንድ ነገር እንዲያወርድ ይጎተጉተዋል። የሚያምነው ደግሞ አድራሻው አጠገብ የተዘጋ ጓጉንቸር ምልክት በማየቱ ነው፤ ያ ምልክት የሚያስረዳው በመንገድ ላይ ማንም እንደማያነብበን እንጂ ገጹ የማን እንደሆነና ታማኝ ስለመሆኑ አይደለም። ክሮም ምልክቱን በ2023 በሌላ የተካውም ሰዎች ከሚገባው በላይ ስላመኑት ነው።

ወደ ውጭ የሚላከው ዲስክም ያሳስበኛል። አሁን የሚሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም፤ ሶኒም በ2025 መጀመሪያ ላይ ለመቅጃ የሚሆን የብሉ ሬይ ዲስክ ማምረት አቁሟል። የዋሽንግተኑ ዘመድ ዲስኩን ተቀብሎ ያስቀምጠዋል፣ መከፈት አለመከፈቱን ግን አይሞክረውም። በውስጡ የፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የቤት ካርታ ቅጂ ካለ ደግሞ በመንገደኛ እጅ የሚያልፍ ክፍት ሰነድ ነው፤ ከሻንጣ ቢወድቅ ያገኘው ሁሉ ያነበዋል። ስለ ቫይረስ ይህን ያህል ስንጨነቅ ይህን ማለፍ አይገባም።

ደጋፊ

የሰነዶቹ ነገር በእርግጥ ሊታለፍ አይገባም። መታወቂያና የቤት ካርታ ሰቨን ዚፕ በተባለው ፋይል መጠቅለያ ፕሮግራም በይለፍ ቃል ተቆልፈው ይጻፉ፤ የይለፍ ቃሉ ከዲስኩ ጋር በአንድ ሻንጣ አይሂድ። የሠርጉና የልደቱ ቪዲዮ ግን ሳይቆለፍ ይጻፍ፤ ወደፊት የሚከፍቱት ልጆች የይለፍ ቃሉን የሚነግራቸው ሰው ላያገኙ ይችላሉ።

ማንበቢያ የሌለውን ላፕቶፕ በተመለከተ በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ዲቪዲ መጻፊያ በገበያ ላይ አለ፤ ከዘመዱ ጋርም አንድ ይኑር። በየዓመቱ ዲስኮቹን በጻፋቸው መሣሪያ ሳይሆን በሌላ መሣሪያ ከፍቶ መሞከር፣ ማንበብ ያስቸገረውንም ወዲያው ወደ አዲስ መገልበጥ ያስፈልጋል። ይህን የማያደርግ ሰው ሃርድ ዲስክ ይዞም ቢሆን ያው ነው፤ እህቴ የሚሉት ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች ይኑሩ፣ ሦስተኛው ቅጂ ግን ዲስክ ይሁን።

ከኔትወርክ መለየቱ አይቆይም ለተባለው፣ ዋይፋዩን ማጥፋት ብቻውን እንደማይበቃ እስማማለሁ። የኮምፒውተሩ ክፍሎች በሚዘረዘሩበት በዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኔትወርክ ካርዱ እንዳይሠራ ይደረግ፣ ልጆች የሚገቡበት አካውንትም የአስተዳዳሪ መብት የሌለው ይሁን፤ ያን ጊዜ ከስልክ ዋይፋይ ቢከፈትም ኮምፒውተሩ አያየውም፣ ካርዱንም ያለ ወላጅ የይለፍ ቃል መልሶ ማስነሣት አይቻልም። ዲስክ ሲጽፍ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በዚህ ሁኔታ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ስለሆነ ብቻ ይወገድ የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም።