መክፈቻ ከመሸምደድ አንድ ጨዋታ

ቼስ የጀመረ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠይቀው «የትኛውን መክፈቻ (የጨዋታውን የመጀመሪያ እርምጃዎች) ልያዝ?» ብሎ ነው። እኔም ጠይቄያለሁ። ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ስምንት እርምጃ እንደ ውዳሴ ማርያም ሸመደድኩ። ዘጠነኛው ላይ ተጋጣሚዬ ያልጠበቅኩትን ወታደር ሲገፋ ክው ብዬ ቀረሁ።

አሁን ለጀማሪ የምመክረው ሌላ ነው። መክፈቻውን ለብቻው ተዉት፤ ተመዝግቦ የቆየ አንድ ጨዋታ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። እኔ የያዝኩት እ.ኤ.አ. በ1858 ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ የተደረገውን ነው። በነጭ የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ ፖል ሞርፊ፣ በጥቁር የብራውንሽቫይግ መስፍንና ኮንት ኢዙዋር እየተመካከሩ። ወዲያ ኦፔራው ይዘፈናል፣ ወዲህ እነሱ ቼስ ይጫወታሉ። ያለቀው በ17 እርምጃ ነው።

መክፈቻው የፊሊዶር መከላከያ ይባላል። ጥቁሮቹ በሦስተኛው እርምጃ ጳጳሳቸውን አውጥተው ከነጯ ንግሥት ፊት ያለውን ፈረስ ጠፍንገው ያዙት፤ ፈረሱ ከተነሣ ንግሥቲቱ ትበላለች። ሲያዩት ያምራል። ሞርፊ ግን መሃል ያለውን ወታደር በላ። ወዲያው በወታደር መልሰው ቢበሉ ንግሥቶቹ ይበላሉና አንድ ወታደር ይከስራሉ። ስለዚህ ጳጳሱን ሰጥተው ፈረሱን መውሰድ ግድ ሆነባቸው። የነጩ ንግሥትም ሜዳ ላይ ወጣች፤ ጥቁሮቹ ለጳጳሱ ያጠፉት ተራ ባከነ።

በእኛ አገር የቆየ ቼስ፣ በሰንጠረዥ፣ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ወረራ በሚባለው መጀመሪያው ላይ፣ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ይሰለፋሉ። በቼስ ግን አንዲት ተራ ከባከነች ባከነች ነው።

ሰባተኛው ላይ ሞርፊ ንግሥቱን ቢ3 አቆማት (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል)። ኤፍ7 ላይ ያለውንም ቢ7 ላይ ያለውንም ወታደር በአንዴ ታስፈራራለች። ጥቁሮቹ ንግሥታቸውን ንጉሡ ፊት ደነቀሯት፤ በዚያው የገዛ ጳጳሳቸውን በር ዘጉ። እዚህ ጋ ቀጣዩን እርምጃ በእጃችሁ ሸፍኑት። ቢ7 ያለውን ወታደር ትበላላችሁ? እኔ ዐይኔን ሳላሽ እበላለሁ። ትርፍም ነው። ግን ጥቁሮቹ ቼክ ብለው (ንጉሡን አስፈራርተው) ንግሥቶቹ ይለዋወጣሉ፣ ጨዋታውም ይንዛዛል። ሞርፊ ወታደሩን ትቶ ሌላኛውን ፈረስ አወጣ። ያየሁት ቪዲዮ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

በ16ኛው ንግሥቱን በነጻ ሰጠ፤ በ17ኛው በአንድ ግንብና በአንድ ጳጳስ ቼክሜት፤ ንጉሡ ማምለጫ አጣ። ሰባተኛው ላይ በር የተዘጋበት ጥቁር ጳጳስ ያኔም ከቤቱ ንቅንቅ አላለም።