ፍሳሹ የት ነው የሚሄደው?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐዋሳ ቤቴ ቁጭ ብዬ እግሬ ረግጦት የማያውቀውን የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ሁሉ መጸዳጃ ቤት እመረምራለሁ።

ታናሽ ወንድሜ በጥር ያገባል። ለጫጉላው «አካባቢን የማይጎዳ፣ ከልቡ አረንጓዴ የሆነ የደሴት ሪዞርት» ይፈልጋል። እርሱ ጀርመን ነው፣ ሥራ ይበዛበታል። እኔ ደግሞ የተማርኩት ስለ ውሃ ነውና «እትዬ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» ተባልኩ። አንድ ምሽት የሚፈጅ መስሎኝ እሺ አልኩ።

ወገኖቼ፣ አረንጓዴ ያልሆነ ሪዞርት በዚህ ዓለም ላይ የለም! ሁሉም አርማው ላይ ቅጠል አለው። ሁሉም የመጠጫ ቀሰሙ ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ሁሉም ችግኝ ይተክላል። ስለ ችግኝ እንኳ ለኢትዮጵያዊ ባይነገር ይሻላል፤ ቁም ነገሩ መትከሉ ሳይሆን መጽደቁ እንደሆነ በየክረምቱ አይተናል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የፎጣው ካርድ ነው። «ፎጣዎን ደግመው በመጠቀም ምድራችንን ያድኑ» ይላል። እኛ ቤት ስድስት ልጆች በሁለት ፎጣ ስናድግ ምድርን እያዳንን እንደነበር የነገረን ሰው አልነበረም። ይህ ካርድ ታሪክ አለው። ጄይ ዌስተርቬልድ የሚባል አሜሪካዊ የአካባቢ ተቆርቋሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለዚሁ የሆቴል ፎጣ ነገር ጽፎ ነው ግሪንዋሺንግ፣ ማለትም አረንጓዴ ሳይሆኑ አረንጓዴ መስሎ መታየት፣ የሚለውን ቃል ያወጣው ይባላል። ሆቴሉ የሚቆጥበው የልብስ ማጠቢያ ወጪውን ነው፤ ምስጋናው ግን በምድር ስም ይሰበሰባል። ቃሉ ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው፤ ካርዱ ግን ዛሬም አልጋው ላይ ተቀምጧል።

ቀጥሎ የምስክር ወረቀት አለ። አንዱ ሪዞርት «የዓለም አቀፉ ዘላቂ ቱሪዝም ምክር ቤት አባል ነን» ብሎ በትልቁ ጽፏል። ደስ ብሎኝ ለወንድሜ ልላክለት ስል ጥርጣሬ ያዘኝና አጣራሁ። ምክር ቤቱ መስፈርት ያወጣል፣ መርምረው የሚመሰክሩ ድርጅቶችን ዕውቅና ይሰጣል እንጂ ራሱ ለሆቴል የምስክር ወረቀት አይሰጥም። አባልነት ማለት ደግሞ ተመርምሮ ማለፍ ማለት አይደለም። የዕድር አባል መሆን ደግ ሰው ለመሆን ማስረጃ እንደማይሆነው ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁሉንም ትቼ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝኩ። ለአሥራ አንድ ሪዞርቶች ይህንኑ ጻፍኩ፦ ከመጸዳጃ ቤቱና ከወጥ ቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ የት ነው የሚሄደው?

አራቱ ጭራሽ አልመለሱልኝም። ሦስቱ የአበባ ምስል ላኩልኝ። አንዱ «እንግዶቻችን ስለዚህ ጉዳይ መጨነቅ አይኖርባቸውም» አለ። አንዱ የማሳጅ ዋጋ ዝርዝር ሰደደልኝ፤ ምን እንደጠየቅኩ የተረዳው እንዴት እንደሆነ እንጃ። ሌላው «ዘመናዊ ሥርዓት አለን» ብሎ ምን ዓይነት ስለው ዝም አለ።

ለምን እዚህ ጥያቄ ላይ ተጣበቅሽ የምትሉኝ ካላችሁ የሐዋሳ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ሐይቃችን ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው ይተንናል፣ የገባው ቆሻሻ ግን እዚያው ይቀራል። ባለፈው ዓመት በሐይቁ ዳር ቅጠል የተሣለበት ውብ ሰሌዳ ያለው አንድ ቤት ምሳ በልተን እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ሥር ጥቁር ጎማ ይወጣል፣ በደንገሉ መሐል ይሾልካል፣ ጫፉ ላይ የሳሙና አረፋና የሽንኩርት ልጣጭ ተጠራቅሟል። አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የጎማው አፍ ላይ ቆሞ ልክ እንደ ዘበኛ አየኝ። የቤቱን ስም አልጠራም። እኔ ግን የዚያን ቀን የበላሁት ቆሮሶ ዓሣ እስከ ማታ ሆዴ ውስጥ ሲዋኝ አመሸ።

ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት ድንጋይ ላይ የቆመ ደሴት ደግሞ ከእኛም የባሰ ነው። ድንጋዩ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ የተቀበረ ፍሳሽ ተቀበረ ማለት አይደለም፤ ሰርጎ ወደ ባሕሩ ይገባል። በውስጡ ያለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ያበዛል፣ አልጌው ኮራሉን ያፍነዋል። ከመሬት በታች ያለው ጣፋጭ ውሃም በጨዋማው ላይ የተንሳፈፈ ስስ ሽፋን ነው፤ ለመዋኛ ገንዳና ለሣር ብለው አብዝተው ከሳቡት ጨው ይመጣል፤ የጎረቤት መንደር ሰው ጉድጓዱ ይበላሽበታል። ማልዲቭስን ተመልከቱ። በዋና ከተማዋ በማሌ አቅራቢያ ቲላፉሺ የምትባል ደሴት አለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቆሻሻ እየተደፋባት የተሠራች። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ አትታይም።

በአውሮፕላን መሄዱ ራሱ ጭስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እርሱን አትጻፉልኝ።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ሳወራላት ቡና እየቆላች ነበር። መቁያውን አናወጠችና «ልጄ፣ የዛንዚባር ሰው ፍሳሽ የት እንደሚሄድ ትጠይቂያለሽ። የእኛው ጉድጓድ ሲሞላ የሚመጣው መኪና መጥጦ የት እንደሚደፋው ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ። ባለፈው ቅዳሜ መኪናው ጎረቤት ሲመጣ ወጥቼ ሾፌሩን ጠየቅኩት። «ከከተማ ውጪ» አለና እጁን ወደ ሰማይ ወረወረ። ይህ መልስ ከአበባው ምስል በምን ይሻላል?

መልስ የሰጠ አልጠፋም። ከዛንዚባር ከተማ በስተደቡብ ቹምቤ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በምዕራብ በኩልዋ ያለው የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራሎች የሠሩት የባሕር ውስጥ ድንጋይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ዓሣ ማጥመድ የተከለከለበት ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ከጠባቂዎቹ መካከል ቀድሞ ዓሣ አጥማጅ የነበሩ አሉ። ማረፊያ ቤቶቹ ሰባት ብቻ ናቸው። ጣሪያቸው የዝናብ ውሃ ይሰበስባል፣ መብራቱ ከፀሐይ ነው፣ የመታጠቢያው ውሃ በተክል መደብ ውስጥ እየተጣራ ያልፋል። ለጥያቄዬ ደግሞ ቁልጭ ያለ መልስ አገኘሁ፦ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አይደፋበትም፣ ቆሻሻው እዚያው ብስባሽ ይሆናል። መዋኛ ገንዳ የለም፣ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ማሽን የለም። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፤ ግን ጫጉላ አንዴ ነው ብዬ በደስታ ለወንድሜ ደወልኩለት።

ሁሉንም አዳመጠኝ። ትንሽ ዝም አለና «እትዬ፣ ገንዳ የለውም?» አለ።

«ባሕር መሐል ነው እኮ ያለኸው!»

«አውቃለሁ። ግን መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ከሌለው እርሷ ምን ትላለች?»

በማግስቱ ራሱ ያገኘውን ላከልኝ። ከሰማይ ጋር የገጠመ የሚመስል ሰማያዊ ገንዳ፣ ከጎኑ ፎጣ በዝሆን ቅርጽ ተጣጥፎ፣ ከላይ ቅጠል ያለበት አርማ። «ይህኛውስ? አረንጓዴ ነው ይላል» ብሎ ጽፏል።

ጻፍኩላቸው። ፍሳሹ የት ነው የሚሄደው?

በሁለት ደቂቃ ውስጥ መለሱልኝ፤ ሁለት ጽጌረዳ።