ምስጋና ለ«እሱ ያውቃል»

ባሕር ዳር ላይ ከጊዮርጊስ ወደ ፔዳ ባጃጅ ያዝኩ። የፊት መስታወቷ ላይ እመቤታችን አለች። ከጎኗ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ቆሟል። ከላይ በትልልቁ «በአንተ ተማምኜ» የሚል ተለጥፏል። ልጁ መንገድ የሚያይባት ክፍት ቦታ መዳፍ ብታክል ነው። ስፖኪዮ የላትም። ፍሬኑ ሲያዝ እንደታመመ ፍየል ይጮኻል፤ መቆም ግን አይወድም።

«ፍሬንህ ይሠራል?» አልኩት።

«እሱ ያውቃል ጋሼ» አለኝ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ።

ለዚህች ቃል እስከ ዛሬ ምስጋና ሳልጽፍላት መቅረቴ ቆጨኝ። መብራት ይጠፋል፣ ውኃ ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። «እሱ ያውቃል» ግን አንድ ቀን ተቋርጣ አታውቅም። ጄኔሬተር አትፈልግ፣ ካርድ አይሞላላት።

ልግስናችንን እንኳ እንዴት እንዳቀለለችው ተመልከቱ። ደጀ ሰላም ላይ እጁን ለዘረጋ ሰው «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይህን የፈለሰፈ ሰው ሽልማት ይገባዋል። ኪስህ ውስጥ ያለችው አሥር ብር ሳትነካ ሂሳቡ ወደ ላይ ይላካል። ለማኙም ለምዶታል። «አሜን» ብሎ ወደሚቀጥለው ይዞራል፤ ደረሰኝ አይጠይቅም።

አንድ ወዳጄ ሁለት ሺህ ብር አለብኝ ይላል፤ እሱስ አይክድም። «እግዜር ካለ ቅዳሜ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ስድስት ቅዳሜ አለፈ። ስደውልለት «ምን ይደረግ፣ እሱ ሲፈቅድ ነው» አለኝ። ብሩን የወሰደው ወዳጄ፣ አልፈቅድም ያለው እግዜር። እኔ ታዲያ ከማን ጋር ልጣላ?

ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ቢሮ ፋይሌ ጠፋ። የመዝገብ ቤቷ እህት ሻይዋን እያማሰለች «የት እንደገባ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው» አለችኝ። በጣም ትሁት ሴት ናት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። የኔ ፋይል ግን ድንበሩን አቋርጦ ወዲያኛው ቤት ገብቷል። ይግባኝ የሚባልበት መስኮት ስንት ቁጥር እንደሆነ ብጠይቃት ሳቀች።

ከሁሉ በላይ ግን የማደንቀው በጣና ላይ የሠራችውን ነው። አንድ ቀን ከሐይቁ ዳር ሻይ እየጠጣሁ ስለ እንቦጭ ወሬ ተነሳ። አጠገቤ የተቀመጡ አባት ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው «የኃጢአታችን ብዛት ነው ልጄ» አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ወዲያው ቀለል አለን፤ ሁለተኛ ሻይ አዘዝን። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ ጎጃምና ጎንደር የሠራነውን ኃጢአት በምን ቋንቋ አንብቦ እንደደረሰብን አላውቅም። አንዱ ወጣት «ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ወደ ሐይቁ እየገባ እኮ ነው የሚቀልበው» ብሎ ጣልቃ ሲገባ ግን ጠረጴዛው ቀዘቀዘ። እውነት ነው፣ እንደዚያ ያለ ነገር ጨዋታ ያበላሻል። ፍሳሽ ባለቤት አለው። ቱቦው ከየትኛው ግቢ እንደሚወጣ ቆሞ ማየት ይቻላል። ኃጢአት ቱቦ የለውም፤ የሁላችን ስለሆነ የማንም አይደለም። ልጁ ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ። ክረምት ከበጋ ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው ያን አረም በእጃቸው ሲነቅሉ የከረሙት ገበሬዎችስ? እነሱም ያመኑ ናቸው። ግን ለ«እሱ ያውቃል» ጊዜ አልነበራቸውም፤ መረባቸውና ከብታቸው ተይዞባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ጣና ዳር ያለውን የዘጌን ደን ያየ ሰው ያውቃል። ያ ሁሉ ቡና፣ ያ ሁሉ ዛፍ እስከ ዛሬ የቆመው በሃይማኖት ነው። በገዳማቱ ሥርዓት መሬቱ በበሬ አይታረስም። እኔ የማላምነው ሰው በዚያ ጥላ ስር ስሄድ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ልብ በሉ፣ የዘጌ አባቶች «እሱ ያውቃል» አላሉም። «አትረስ» ነው ያሉት። ለሰው ሥራ ሰጡት። የኛ የከተማዎቹ ሃይማኖት ደግሞ ሥራ ያስፈታል፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የምንወደው።

አዎ፣ አላምንም። ጮክ ብዬ አልናገርም እንጂ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በአማራ ክልል 82.5 በመቶ ኦርቶዶክስ፣ 17.2 በመቶ ሙስሊም ነው። ደምሩት፣ 99.7 ይመጣል። በቀረችው ሽርፍራፊ ውስጥ ጴንጤውም፣ ካቶሊኩም፣ እኔም ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ተቀምጠናል። ደግሞስ በአማርኛ እንዴት ተደርጎ ነው የማይታመነው? «ደህና አደርክ?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሳስነጥስ «ይማርህ» ይሉኛል፣ «ያኑርህ» እላለሁ። ለቅሶ ቤት «ነፍስ ይማር» እላለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከብዙ ዲያቆን በላይ ስሙን ጠርቼ እገኛለሁ።

ወደ ባጃጇ ልመለስ። ልጁ ወሬ ይወዳል።

«ጋሼ፣ እርስዎ የትኛውን ታቦት ነው የሚዘክሩት?»

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እኔ አላምንም» አልኩት።

«ጴንጤ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ሙስሊም?»

«ምንም።»

ሙሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ባጃጇ ለትንሽ ጊዜ በእውነትም በእሱ ብቻ ነበር የምትሄደው።

«እንዴ! ታዲያ አሁን ማነው የሚጠብቅዎት?»

«አንተ ነሃ» አልኩት። «መሪውን የያዝከው አንተ አይደለህ?»

ዝም አለ። ቀስ ብሎ ዞረና ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ። ፍጥነቱን ቀነሰ። አደባባዩ ላይ ቅድሚያ ሰጠ። ከኋላ ክላክስ እየቀወጡበት ለአህያ ቆመ! ከሚካኤል ክንፍ ስር አንገቱን እያሰገገ መንገዱን ሲፈልግ አሳዘነኝ። እንቁላል የጫነ ነበር የሚመስለው። በዚህ ከተማ እንደዚያ ቀን ተጠብቄ ሄጄ አላውቅም።

ፔዳ ስንደርስ ላቡን ጠረገ። ሂሳቡን ሰጠሁት።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«አሜን። በል እንግዲህ ይቺን ፍሬን አሠራት።»

«እግዜር ካለ ቅዳሜ» አለኝ።