ጄኔራሉን ያሰናበቱት ከንቲባ

ባለፈው ጥር ለእናቴ ቤት ካርታ ስል ከሰሜን ሸዋ ከተሞች በአንዷ ወደሚገኝ ጽሕፈት ቤት ሦስት ቀን ተመላለስሁ። ኃላፊው ዕድሜያቸውን በሠራዊት ያሳለፉ መኮንን ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ከልቤ ተደስቼ ነበር፤ ሠራተኛው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በየወንበሩ ተገኝቷል፣ በር ላይ ያንዣብቡ የነበሩት ደላሎችም ጠፍተዋል። በሦስተኛው ቀን ተራችን ደርሶ እናቴ የሟቹ አባቴ ስም በማኅደሩ ላይ ተሳስቶ መጻፉን ለማስረዳት ስትጀምር ግን «ውሳኔ ተሰጥቶበታል፤ ቀጣይ!» ተባለች። የ72 ዓመት ሴት ናት፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ቅሬታ የሚሰማው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ጥበቃው የወጣንበትን ክፍል በጣቱ አመለከተኝ።

ማታ ደብረ ብርሃን ለሚኖሩት አጎቴ ስነግራቸው «ልጄ፣ አገሩን የሚያቀናው እንዲህ ያለ ወታደር ነው፤ ሸዋን መቼ ሌላ ሰው አስተዳድሮት ያውቃልና?» አሉኝ። መሠረት የሌለው ንግግር ነው አልልም። ደጃዝማቹም፣ ፊታውራሪውም፣ ቀኛዝማቹም፣ ግራዝማቹም ግብር ሲያስገቡና ዳኝነት ሲሰጡ የኖሩት የጦር ሜዳ ስፍራቸውን በማዕረጋቸው ተሸክመው ነው። በ1966 ዓ.ም. የመጣው ደርግም ከነመለዮው ነበር ወንበር ላይ የተቀመጠው። ያስከፋኝ፣ ይህን ሁሉ በዓይናቸው ያዩ ሰው ወታደሩ ሥርዓት ማስያዙን እንጂ ለማን እንደሚመልስ አለመጠየቃቸው ነው።

እኔ የምኖርባት ፊላደልፊያም ወታደር የናፈቀችበት ጊዜ ነበራት። በአሜሪካ መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ሳለ ከተማዋ በድብቅ መጠጥ ቤቶችና ጉቦ በለመዱ ፖሊሶች ስለተጥለቀለቀች፣ ከንቲባው ፍሪላንድ ኬንድሪክ የማሪን ጦር ብርጋዴር ጄኔራል የነበረውን ስሜድሊ በትለርን ከፕሬዚዳንት ኩሊጅ በፈቃድ አስጠይቀው በጥር 1924 እ.ኤ.አ. ፖሊሱንና የእሳት አደጋ መከላከያውን አስረከቡት። ሁለት ጊዜ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለመው ይህ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከ900 በላይ መጠጥ ቤቶች እንዲወረሩ አዘዘ። የድሃውን ጠጅ ቤት ብቻ ነክቶ ቢሆን ምናልባት በቆየ ነበር፤ ባለጸጎች የሚዝናኑባቸውን ክበቦችና ሆቴሎች ሲነካ ግን ጠላቱ በዛ። በ1925 መጨረሻ ከንቲባው አሰናበቱት።

ከንቲባው ያሰናበቱት ለፍትሕ ተቆርቁረው ነው ብዬ አላምንም፤ ከተማዋንም ለማመስገን አይደለም ይህን የምጽፈው። ልቤ የሚመላለሰው ወደ ስንብቱ ነው። ጦርነት ያዘዘው ሰው፣ ሕዝብ የመረጠው አንድ ሲቪል «በቃህ» ሲለው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ጦሩ ተመልሷል። ፖለቲካ ባማረው ጊዜም በጥቅምት 1931 ጡረታ ወጣ፤ በ1932 ለሴኔት ለመወዳደር በፔንሲልቬንያ የፓርቲውን አባላት ድምፅ ለመነ፤ ተሸነፈ፤ ቤቱ ገባ።

እኛም ሕጉ አላነሰንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል እንደሆነና ሠራዊቱም ተግባሩን ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንደሚያከናውን ይናገራል። ጡረታ የወጣ መኮንን በከተማ አስተዳደር እንዲያገለግል እኔ ራሴ እመኛለሁ፤ ሰዓት ማክበሩንና እጀ ንጹሕነቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ወታደር ከበላዩ አዛዥ ኖሮት የኖረ ሰው ነው፤ ወደ ሲቪል ወንበር ሲመጣ ያ የበላይ ባለጉዳዩ ሕዝብ መሆኑን የሚነግረው ከሌለ፣ በሩ ላይ የቆመችውን አሮጊት የበታቹ አድርጎ ቢያያት አይገርመኝም።

አጎቴን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርኋቸው። በማግሥቱ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሥተው የእናቴን አቤቱታ በራሳቸው እጅ ጻፉላትና ይዘናት ሄድን። መዝገብ ቤቱ ተቀብሎ ቁጥር ሰጠን፤ አቤቱታውም እንዲወስኑበት ለእኚያው ኃላፊ ተመራ።